ሌላ መንገድ

ሐኪሙ የልጅ ልጄን ይርዳውን፣ «ጫቱ አንጎልህ ውስጥ አንዱን ዘረ መል ቀስቅሶ፣ ሌላውን አስተኝቶ፣ መንገዱን አስጠንቶሃል፤ በጫት ቤቱ በር እንዳታልፍ» አለው። ደግሞ ቢቅም ሚስቱ ልጇን ይዛ ትሄዳለች። ከሐኪሙ ወደ ቤት አድራሿ እኔ ሆንኩ።

«ፊደል እንቢ ያለው የእኔ ጭንቅላት ይሻላል» አልኩት። «በአፍንጫዬ የምስበውን ሱረቴን የዛሬ ዓመት እርግፍ አድርጌ ስተው ያስፈቀድኩት ዘረ መል የለም። ተከተለኝ፣ አንተ ልፍስፍስ።»

ጫት ቤቱን ሸሽቼ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ አዞርኩት። ስለ ቆራጥነት እየመከርኩት ሳለ አንድ ደጃፍ ላይ እግሬ ቆመ።

ሱረት ሻጯ ብቅ ብላ፣ «እማማ የሻረግ፣ እኔማ ሞተዋል ብዬ ነበር» አለችኝ።

እጄ ማንም ሳያዘው የመቀነቴን ቋጠሮ ይፈታል።

ይርዳው ቀስ ብሎ ክንዴን ያዘኝ። «እማማ፣ እኔ ሌላ መንገድ አውቃለሁ።»