ሁንዴ መሪውን አይለቅም

ሁንዴ ወሬ አያምንም። የአማኑን ወሬ ደግሞ ጭራሽ!

አማኑ ሰበታ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ያሰልፋል፤ ልቡ ግን ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ስልኩን ይዞ የሁንዴ ሚኒባስ መስኮት ላይ ይለጠፋል።

«ሰማህ? ቀዩ ቡድን የሰማያዊውን ሹፌር ሊወስደው ነው! ለቡድኑ ቅርብ የሆኑ ምንጮች ናቸው ያሉት።»

«እነዚህ ምንጮች አይደርቁም እንዴ?» አለ ሁንዴ። «ባለፈው ወር አረንጓዴው ወሰደው አልከኝ። ከዚያ በፊት ጡረታ አስወጣኸው። ሰውዬው ግን እሁድ በመጣ ቁጥር እዚያችው መኪናው ውስጥ ነው።»

«ጋዜጠኞቹ ታዲያ ዝም ብለው ይጽፋሉ?»

«ወሬ ካልጻፉ ምን ይብሉ!»

ተሳፋሪው ሳቀ።

ሰኞ ዕለት አማኑ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። «አንተም ልትዛወር ነው አሉ። የቡራዩው ኦቦ ኩምሳ አዲስ ሚኒባስ አስገብቷል፤ ሹፌሩ ሁንዴ ነው እየተባለ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ምንጮች።»

ሁንዴ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አየር ጤና ሳይደርስ ጠፋ። የእትዬ ብርቅዬን ሚኒባስ ሲነዳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ሰዓዲያ ወሯ ገብቷል። እትዬ «ሊሄድብኝ ነው» ብለው ቀድመው ሌላ ሰው ቢቀጥሩስ? የአማኑ ሚስት ወንድም ደግሞ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ ፈት ተቀምጧል። በቃ፣ ነገሩ ገባው፤ አማኑ ወሬውን የሚነዛው ቦታውን ለእሱ ሊያስይዝ ነው።

ደግነቱ እትዬ የተቀየሙ አይመስሉም። እንዲያውም ሰሞኑን የተላላጠውን ቀለም አስቀብተዋል፣ ወንበሩን አልብሰዋል፣ ሊብሬውንም «ለቦሎ» ብለው ወስደዋል። ሹፌሩን ሊያባርር ያሰበ ሰው ለመኪናው እንዲህ ይጨነቃል?

ረቡዕ ስልኩ ጮኸ።

«አካም ጅርታ ሁንዴ? ኩምሳ ነኝ፣ ከቡራዩ። ስለ ሥራ እንድናወራ ነበር።»

ሁንዴ ቀና ሲል አማኑ ከማዶ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይስቃል። ደሙ ፈላ።

«አንተ ኩምሳ ከሆንክ እኔም የቀዩ ቡድን ሹፌር ነኝ! ሁንዴ መሪውን አይለቅም ብለህ ለሚስትህ ወንድም ንገረው። ደግሞ ሽማግሌ ስታስመስል ድምፅህን ወፈር አድርገው፣ አንተ ከብት!»

ዘጋው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ሲደወልለት ቁጥሩን አገደው። ያን ቀን እስከ ማታ እያፏጨ ነዳ።

ቅዳሜ ሙዝ ገዝቶ እትዬ ብርቅዬ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ የሚወራውን ሰምተው ከሆነ እንዳያምኑ። ኩምሳ ነኝ ብሎ የደወለውን ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ። እኔ የእርስዎን መኪና ጥዬ የትም አልሄድም።»

እትዬ ሙዙን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «ሰደብከው?»

«ከብት ነው ያልኩት!» አለ ሁንዴ ደረቱን ነፍቶ።

«ለካስ ለዚህ ነው ትናንት ሌላ ሹፌር የቀጠረው» አሉ እትዬ ቀስ ብለው።

እትዬ ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ወይኔ ልጄ! መኪናዋን እኮ ሸጬያታለሁ፤ አንተን እንዲወስድልኝ ኩምሳ እግር ላይ ወድቄ የለመንኩት እኔ ነኝ።»