ከመርከቧ የመጣው ድምፅ

ነፊሳ ካዛንቺስ በሚገኝ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ የውጭ ዘጋቢ ፊልሞችን ወደ አማርኛ ትተረጉማለች። ሰሞኑን የያዘችው እንግሊዞችና ስፔኖች ከአራት መቶ ዓመት በፊት ባሕር ላይ ስለተዋጉት ጦርነት ነው። ያችኑ የምትሰጥም የስፔን መርከብ ሦስት ቀን ሙሉ ስታይ ሰልችቷታል።

ከሰዓት በኋላ የድምፅ ባለሙያው ለታ ጠራት።

«ነፊ፣ ከመርከበኞቹ አንዱ በአማርኛ ነው የሚጮኸው። አንቺ ነሽ ያስገባሽው?»

«እኔ ጽሑፍ ብቻ ነው የላኩት። ማለቴ፣ ገና ማንም አልቀዳም።»

«በቃ፣ ራስሽ ስሚው» ብሎ ሄድፎኑን ሰጣት።

በስፔንኛው ጩኸት መሃል አንድ ወጣት «ውሃው ገባ፣ ያዙኝ» ይላል። ነፊሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምፁ የቢላል ነው፤ በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር የቀረው ወንድሟ። እናታቸው ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ስልኩን ይጠብቃሉ።

«እስቲ መልሰው፤ ደክሞኝ ይሆናል» አለችው።

ለታ መለሰው። መርከቧ እንደገና ዘመመች፤ ስፔኖቹም እንደ ቅድሙ ጮኹ። ቢላል ግን አልጮኸም።

«ነፊሳ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ደግማችሁ አታስጀምሩት። በጀመረ ቁጥር እንሰጥማለን።»