በየማለዳው አንድ ጥያቄ

የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በሚያዝበት መሥሪያ ቤት ሰው የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። አንድ አሃዝ ከተሳተ ሙሽራው ሌላ ሰው ሆኖ ያርፈዋል። ስለዚህ ዳታቤዙን የነካ ሁሉ ሎግ ውስጥ ይገባል፤ ማን ጠየቀ፣ መቼ ጠየቀ፣ ምን መልስ አገኘ።

ሎጉን የምትመረምረው አዲሷ ኦዲተር ናት። ልጅ እግር ብትሆንም ዓይኗን ቁንጫ አያመልጠውም። በሦስተኛ ቀኗ አንድ ነገር ያዘች። የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ማለዳ በየቀኑ፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ከሟቾች መዝገብ አንድ ቁጥር ይፈልጋሉ። ዓመት ሙሉ ያንኑ ቁጥር። መልሱም ያው ዜሮ ነው።

ጋሼ ማለዳ የተባሉት ከሁሉ ቀድመው ስለሚገቡ ነው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?» አለቻቸው መተላለፊያው ላይ፣ ፊታቸውን ልታጠና።

«አለሁ ልጄ፣ አለሁ!»

ቀጥታ ወደ አለቃው ገባች። «የሆነ ሰው እስኪሞት እየጠበቁ ነው። ውርስ ሳይኖርበት አይቀርም።»

«ጋሼ ማለዳ? ዝንብ እሽ የማይሉት ሰውዬ?»

«የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም።»

አለቃው ከፋቸው። ያለ ሥራ ጉዳይ መዝገብ መፈተሽ ያስባርራል፤ ጋሼ ደግሞ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሰባት ወር ነው። ለነገ አሳደሩት።

በማግሥቱ ሎጉ ላይ መልሱ ተለውጦ ተገኘ። አንድ!

የጋሼ ወንበር ባዶ ነበር። ኮታቸው እንኳ እንደተሰቀለ ነው። «መታወቂያቸውን ይዘው፣ ሁለት ምስክር ልፈልግ ብለው ሮጡ» አለ ጥበቃው።

«ምስክር!» ኦዲተሯ ጠረጴዛውን መታች። «አላልኩም? ሰውየው ሞቷል፤ ወራሽ ነኝ ብለው ሊያስመሰክሩ ነው!»

ረፋድ ላይ ጋሼ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱ። አለቃው ተቀመጡም አላሏቸው።

«ጋሼ፣ የሰው ሞት መጠበቅ ከእርስዎ አይጠበቅም ነበር።» እውነትም አዝነዋል።

ጋሼ ሊናገሩ ሲሉ አለቃው በእጃቸው አስቆሟቸውና ቁጥሩን አስገቡ። የሟቹ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። እስከ አያቱ ድረስ ጮክ ብለው አነበቡት።

«አቤት» አሉ ጋሼ።