ፊልሙ እስኪያልቅ
ፊልሙን የከፈተችው ኢስራ ናት፤ የፍቅር ነው ብላ። ጥቁርና ነጭ የሆነ ያረጀ የጣልያን ፊልም፣ ከታች ዐረብኛ ጽሑፍ አለው። ብዙም ሳይቆይ አፍቃሪው ልጅ የወታደር ልብስ ለብሶ ብቅ ይላል። ኢስራን እገላምጣታለሁ። ከስንቱ ፊልም መርጣ የጦርነት!

ቤዛዊት ግን ወዳዋለች። እዚህ ዐረብ አገር፣ ሐምሪያ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ፍራሹ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ፍስቅ የሚሉትን ለውዝ እየፈለፈለች ታያለች።

እጮኛዋ ታምሩ ከሞተ ወር አልፎታል። እሱም ወታደር ነበር። እሷ ስልኩ የማይሠራው ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሄዶ ነው ብላለች። እናቷ ደውለው፣ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ሰው ሰብስባችሁ አርዷት አሉኝ። መርዶ በማለዳ ነው ወጉ። የእኛ ማለዳ ግን የማዳም ነው፤ ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ሆነ፤ ኢስራን፣ ዓይናለምንና ሊድያን ጠራኋቸው። የሚያረዷት ታላቃችን እትዬ ዘሪቱ ናቸው። እሳቸው ደግሞ አል ሙዋሌህ ላይ «ታክሲ ማፊ»፣ ታክሲ የለም ብለው ቀሩ፤ እስክመጣ በወሬ ያዙልኝ አሉ። በምን ወሬ? እኔ እንደሆነ መዋሸት አልችልበትም፣ ፊቴ ያሳብቅብኛል። ፊልሙ የመጣው ለዚህ ነው።

ኢስራ ቁርኣን ስለቀራች ጽሑፉን እያነበበች ትተረጉማለች። ልጁ ለሚወዳት ልጅ የሚጽፈው ደብዳቤ ሲቋረጥ ዝም ብላ አለፈችው። ቤዛዊት ምን አለ ስትላት፣ ምንም፣ ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት አለቻት።

አሁን መንደሩ ውስጥ ሠርግ አለ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሲጨፍር ወንበር ላይ ተደናቅፎ ይወድቃል። ቤዛዊት ከልቧ ትስቃለች፤ አብረናት እንድንስቅም ዞር ትላለች።

ዓይናለም ታለቅሳለች። አፏን በነጠላዋ አፍናለች።

ቤዛዊት እሷን ታያለች። ከዚያ ሁላችንንም በየተራ ታያለች። ዓይናለምን ማዳሟ ዓርብ ለቅቃት አታውቅም፤ ሊድያም ከዪቲ ድረስ መጥታለች። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ቤዛዊት ፍስቁን ከጭኗ ላይ አንስታ ወደ ጎን ታደርገዋለች።

ኧረ እትዬ ዘሪቱ፣ የት ቀሩብን! ቴሌቪዥኑን ላጥፋ ብዬ ሪሞቱን ሳነሣ እጄን ትይዘኛለች።

«ተይው፣ ልጨርሰው» ትላለች። «ከዚያ ትነግሩኛላችሁ።»

ኢስራ መተርጎሙን ትታዋለች። ፊልሙ ላይ ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ቆማ ትጠብቃለች። ወታደሮቹ ይወርዳሉ፤ አንዱን እናቱ፣ አንዱን ሚስቱ ይዛው ትሄዳለች። ጣቢያው ባዶ ሊሆን ሲል ልጁ በክራንች ተደግፎ ከኋለኛው በር ይወርዳል። ልጅቷ ጫማዋ እየወለቀ ትሮጣለች። ምናለ ባይመጣ እላለሁ በሆዴ።

«እሰይ» ትላለች ቤዛዊት ቀስ ብላ። «የእሷስ መጣላት።»

የመጨረሻው የስም ዝርዝር ወጥቶ እስኪያልቅ ዓይኗን አትነቅልም። ከዚያ ጉትቻዎቿን አንድ በአንድ አውልቃ እጄ ላይ ታስቀምጣቸዋለች።