ክብ የሠራው መንገድ

ፊደል ስላልቆጠርኩ መንገድም የማላውቅ ይመስላቸዋል። ያ ጎረምሳ ከከተማ የመጣው በኖራ ድንጋይ ተራራችን ላይ፣ በጫካው ውስጥ፣ ለብስክሌተኞች የጠጠር መንገድ ሊመርጥ ነበር። የመንደሩ ሰው «ጫካውን የምታውቀው እሷ ናት» ብሎ እኔን ሰጠው። እኔ ከፊት ከፊት እየመራሁት፣ እሱ ግን ስልኩን እንደ ሞላ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ መንገድ የሚጠይቀው ያንኑ ስልክ ነው።

ከዝግባዎቹ ሥር ስንደርስ ቆሞ ሳቀ።

«እማማ፣ መንገዱ እዚህ ጋ ለምንድን ነው ክብ ሠርቶ የሚዞረው? መቼም ከብት ነው እንዲህ ያጣመመው። በመሀል ቀጥ አድርገን እናሳልፈዋለን።»

«በመሀል አይታለፍም። ቁጥቋጦ ሸፍኖት ነው እንጂ ጉድጓድ ነው።»

«ጉድጓድማ ይደፈናል! ምን ያህል ይጠልቃል?»

«የመንደሩ ሰዎች ሦስት ገመድ ቀጣጥለው አውርደው ነበር። አልደረሰም።»

«ምን ጋ ነው ያልደረሰው?»

«ልጄ ጋ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«እንጨት ስትለቅም መሬቱ ከዳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከብት አልክ? ያ ከብት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እየጠራኋት ስዞር ሣሩ አልቆ ጠጠሩ ወጣ።»

ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል እጁን ያዝኩት።

«አትክተተው። እኔ ጉልበቴ አልቋል፤ ከእንግዲህ ብስክሌቶችህ ይዙሯት። መንገዱን እንዳለ ስልክህ ላይ ሣለው። እዚህ ክቡ ላይ ደግሞ ‹ውዲቱ› ብለህ ስሟን ጻፍ። ጽፈህ ስትጨርስ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»