የአንዳርጌ እጅ

ባሌ አንዳርጌ የአናጢነት ሙያውን ለእንጨት ሥራ ማሠልጠኛው ማሽን ካስረከበ ወዲህ፣ እቤታችን ያለው በርጩማ እንኳ እያነከሰ ነው። ነገሩ እንደዚያ ነው፤ ወደ ማሽኑ የገባ ሙያ ከሰውየው እጅ ይወጣል። እሱ «ልጆቹ ይማሩበት» ብሎ ወዶ ሰጠ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በርጩማውስ ያንክስ፤ ጎረቤት ጠርቼ አስመታዋለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንዳርጌ የእንጨት ልስላሴ የሚፈትሸው በእጁ ጀርባ ነበር። «መዳፌ ደንድኗል፣ ምንም አይሰማው» ይላል። ከሥራ ሲገባ የእኔንም ጉንጭ በዚያው በእጁ ጀርባ ይዳብሰኝ ነበር። አሁን እጁን ያነሳና ፊቴ ዘንድ ሲደርስ የሚያደርገው ይጠፋዋል። መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

ዛሬ ጣውንቴን፣ ያቺን ማሽን፣ ላያት ማሠልጠኛው ድረስ ሄድኩ።

ህሊና የምትባል ተማሪ ማሽኗ ላይ የዋንዛ ሳንቃ አጋደመች። ማሽኗ መላግ ከመጀመሯ በፊት የብረት እጇን ገልብጣ ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጋ ዳበሰችው። ደሜ ፈላ። እኔ ስንት ወር የተነፈግኩትን ለጣውላ!

«እትዬ፣ ኧረ ፈቀቅ ይበሉ!» አለች ህሊና።

አልሰማኋትም። ጎንበስ ብዬ ጉንጬን ሳንቃው ላይ አስደገፍኩ። የብረቱ እጅ ተመልሶ መጣ፣ ሌላኛውን ጉንጬን ዳበሰኝ፣ ከጆሮዬ ሥር ሲደርስ ቆመ። አንዳርጌም የሚቆመው እዚያው ነበር። እንባዬ ሳንቃው ላይ ወረደ።

ህሊና ደንግጣ ማሽኗን አጠፋችና ደግፋ አነሳችኝ።

«አይዞዎት እትዬ» አለችኝ፣ «ሰው መሆንዎን አላወቀችም። ያገኘችውን ሁሉ እንደዚሁ ነው የምትዳብሰው።»