ድመቱ ተኝቶ ነበር

«እሰይ! ደግ አደረገችው!» አጎትየው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጅራቱን በመጥበሻ የተመታው የካርቱን ድመት ጣራ ነክቶ ወረደ። አይጧ ቀዳዳዋ ውስጥ ሾልካ ገባችና ከዚያ ሆና ምላሷን አወጣችበት።

እናትየው አልሳቀችም። ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የትልቁን ልጇን ሱሪ ትዘመዝማለች። ልጁ ዛሬ ከዚሁ ታላቅ ወንድሟ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ እዚያው ሊኖር፣ ከትምህርት መልስ አጎቱ ጋራዥ ሊውል። ነገሩ የተቆረጠው ትናንት ነው። ትናንት ትንሽ ወንድሙን በእርግጫ ብሎ ደንበኞቿ ልብስ ሲለኩ የሚተያዩበት ትልቅ መስታወት ላይ ጣለው። መስታወቱ ረገፈ፤ የትንሹም ቅንድብ ተሰፋ።

ትንሹ አሁን ግንባሩ በፋሻ ተጠቅልሎ እግሯ ሥር ተቀምጧል፣ ቀሚሷን ተደግፎ።

«እማዬ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

«ነይ የኔ ሚጢጢ፣ እንቺ ጠጪ።» የራሷን ብርጭቆ አቀበለችው። ቀና ሳትል ደግሞ፣ «አንተ፣ ጫማህን በደንብ አድርግ። ተረከዙን ረግጠህ ነው ሰው አገር የምትሄደው?»

ትልቁ ቦርሳውን አዝሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጫማውን አላስተካከለም።

«ይቺ ምስኪን!» አለ አጎትየው፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ይሄ አውሬ መቼ ዕረፍት ሰጣት?» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «ዘመድህን አየኸው? አይዞህ፣ ጋራዥ ስትገባ ጥፍርህን እንሞርድልሃለን!»

«ድመቱ ተኝቶ ነበር፤» አለ ልጁ።

«እ?»

«መጀመሪያ ላይ ተኝቶ ነበር። እናንተ ከመሃል ነው ማየት የጀመራችሁት።»

«ኧረ ጉድ! ደግሞ ለድመት ጥብቅና ቆምክ?»

«አይጧን እሷ፣ ምስኪኗ ትሏታላችሁ። ድመቱን እሱ፣ አውሬው። ወንድ ይሁኑ ሴት ማን አየ? ስላነሰች ብቻ እኮ ነው።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እናትየው ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው፤ ልትጮህበት ተነሣች፤ ግን ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀረ። ፊልሙ ፍላሽ ላይ ያለ ነበርና ለትንሹ፣ «ሚጢጢ፣ ከመጀመሪያው መልሺው፤» አለችው።

ድመቱ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። አይጧ ማንም ሳይጠራት ወጣች። ከጢሙ አንዱን መርጣ ነቀለች። ግራ ቀኝ አየች፤ ሌላ ነቀለች። ድመቱ በእንቅልፍ ልቡ ተገላበጠ። ሦስተኛውን ስትነቅል ዘሎ ተነሣ፤ ሲያባርራት ሳህን ሰበረ። ይሄኔ ከላይ መጥረጊያ የያዘ እጅ ወረደና ድመቱን እያዳፋ ደበደበው። እጁ ፊት የለውም። ሳህን ሲሰበር የሚደርስ እጅ ብቻ ነው።

ማንም አልሳቀም።

«የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ሆነን ኖሯል፤» አለ አጎትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትናንት ተኝተህ ነበር?» አለች እናትየው።

ትልቁ ወደ እግሩ አየ። ትንሹ ፊቱን ቀሚሷ ውስጥ ቀበረ። «በትንሹ ነው የወጋሁት፤» አለ ከዚያ ሆኖ። «ስፒሉም ቀጭኑ ነው።»

ተንበርክካ የትልቁን ጫማና ካልሲ አወለቀች። የውስጥ እግሩ ላይ አንድ ትኩስ ቀዳዳ ቀልቶ አብጧል። ዙሪያውን የደረቁ፣ የጠቆሩ ነጥቦች አሉ። ስፒሎቹ የራሷ ናቸው፤ ቀን ሙሉ በጥርሷ ይዛቸው የምትውላቸው።

«ለምን አልነገርከኝም?» ጮኸች። አሁንም የጮኸችው በእሱ ላይ ነበር።

«ነግሬሽ ነበር እማዬ። ‹አንተ ትልቁ ነህ፣ ቻለው› አልሽኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ‹ምን ብታደርገው ነው?› አልሽኝ።»

ብላዋለች። ሌባ እንኳ ቃሉን ሳይሰጥ አይፈረድበትም፤ እሷ ግን የተሰበረውን ብቻ እያየች ስትፈርድ ኖራለች። ቀዳዳ የሌላት አይጥ ደግሞ የድመት ጢም አትደፍርም። ቀዳዳዋ ይኸው የእሷው ቀሚስ ነው፤ ትንሹ ገና አሁንም ጨብጦ ይዞታል።

ይህንንም ልጅ አንድ ጊዜ «ነይ፣ ጠጪ» ትለው ነበር። መቼ እንደተወችው አልጠፋትም። ትንሹን ታቅፋ ከሐኪም ቤት የገባች ዕለት ነው። ሊጠመጠምባት ሲሮጥ፣ «አንተ! ቀስ በል!» አለችው። ገና የወተት ጥርሱ እንኳ አልተነቃነቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንተ ሆኖ ቀረ።

«አይሄድም፤» አለች።

«ቲኬቱን እኮ ቆርጫለሁ…»

«አይሄድም አልኩ፣ ጋሼ!»

አጎትየው ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ትንሹ ማልቀስ ጀመረ። እጇ በልማድ ወደ እሱ ሊዘረጋ ሲል መልሳ ሰበሰበችው።

ትልቁ ቦርሳውን አላወረደም። ወንድሙን አየ፤ እሷን አየ።

«እስከ መቼ?» አለ።

ካልሲውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ልጁ መልሷን ቆሞ ጠበቀ፣ ሁለት አውራ ጣቶቹን የቦርሳው ማንገቻ ውስጥ እንደሸጎጠ፣ አንድ እግሩ ባዶ።